ምስጢርና ገመና፦ ካሜራ ያለው መነጽር በጤና ተቋም ደጃፍ

አንድ ታካሚ ለሐኪም የሚሰጠው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአንደበቱ የሚናገረው ሲሆን ሁለተኛው ሳይናገር የሚያሳየው ነው። አማርኛ ለእነዚህ ለሁለቱ ሁለት ቃላት አሉት፤ ምስጢርና ገመና። በተለመደው አነጋገር ምስጢር ይነገራል፣ ይጠበቃል ወይም ይባክናል፤ ገመና ግን ይሸፈናል ወይም ይገለጣል። የሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት፣ የሙያ መሐላና የወንጀል ሕግ ለመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። ሁለተኛው ግን በግድግዳ፣ በመጋረጃ፣ በነጠላ፣ ከሁሉም በላይ በሰዎች ይሉኝታ ሲጠበቅ በመኖሩ የተለየ ደንብ የሚያስፈልገው አይመስልም ነበር። ካሜራ የተገጠመለት መነጽር መምጣት ይህን የቆየ ጥበቃ ጥያቄ ውስጥ አስገብቶታል።

በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መሐላ ሐኪሙ የሰማውን ብቻ ሳይሆን ያየውንም እንዲሸሽግ ያዘዋል። ይሁን እንጂ መሐላው የሚያስረው የማለውን ሰው ነው። በወረፋው አግዳሚ ወንበር ላይ ከታካሚው ጎን የተቀመጠውን አያስርም። እስካሁን ይህ ጉድለት ብዙ አላሳሰበም፤ ምክንያቱም ጎን የተቀመጠው ሰው ያየውን ቢያወራ እንኳ ወሬው ከሰፈር አያልፍም፣ አድማጩም ሊጠራጠረው ይችላል። ምስል ግን አይጠረጠርም፤ ወሰንም የለውም።

መሣሪያው ምን ይመስላል?

ካሜራን በመነጽር ላይ የመግጠም ሐሳብ በሰፊው የተሰማው የጉግል ኩባንያ «ጉግል ግላስ» የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያስተዋውቅ ነው። በተከታዩ ዓመት በ1,500 የአሜሪካ ዶላር ለተመረጡ ሰዎች ሲሸጥ፣ በአሜሪካ አንዳንድ መጠጥ ቤቶች ባለ መነጽሮቹን አናስገባም አሉ፤ ኋላም ሲኒማ ቤቶች ተከተሏቸው። ኩባንያው ለተራው ተጠቃሚ መሸጡን እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ አቆመ። ለዚህ ውድቀት ብዙ ምክንያቶች ቢቀርቡም አንዱ መሣሪያው በመልኩ ያስታውቅ የነበረ መሆኑ ነው። ያደረገው ሰው ከሩቅ ይታወቃል፤ ሰውም ይጠነቀቃል።

ሁለተኛው ትውልድ ይህን ችግር ፈታ፤ የፈታው ግን ለሻጩና ለገዢው ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሬይ ባን ጋር በመሆን ያወጣው፣ ስሙን ወደ ሜታ ከለወጠ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2023 አሻሽሎ ከ299 ዶላር ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው መነጽር ከተራ መነጽር ለመለየት የሚያስቸግር ነው። 12 ሜጋ ፒክስል ካሜራ አለው፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ በፌስቡክና በኢንስታግራም የቀጥታ ስርጭት ለማስተላለፍም ይችላል። በተጨማሪም የማየት ችግር ላለበት ሰው በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራ ሌንስ ይገጠምለታል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለጤና ተቋማት ልዩ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ስልክን «ኪስህ ክተት» ማለት ሲቻል፣ ያለ መነጽሩ የማያይን ሰው «መነጽርህን አውልቅ» ማለት ግን ቀላል አይደለም።

አምራቹ ለዚህ ሥጋት የሰጠው መልስ በመነጽሩ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ነጭ መብራት ናት። ቀረጻ ሲጀመር መብራቷ ትበራለች። የአየርላንድና የኢጣሊያ የግል ዳታ ጥበቃ ባለሥልጣናት ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ይህች መብራት በእርግጥ ሰውን ታስጠነቅቃለች ወይ ሲሉ ኩባንያውን ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ መብራቷ እንዳትበራ አድርጎ መነጽሩን በክፍያ የሚያስተካክል ሰው መኖሩ በዜና ተዘግቧል። ማንም ባይነካካትም እንኳ ምልክት ምልክት የሚሆነው ትርጉሙን ለሚያውቅ ነው። ከገጠር ለሕክምና የመጡ አንዲት እናት በሰው መነጽር ጥግ ላይ ነጭ ብርሃን ቢያዩ የፀሐይ ነጸብራቅ ይመስላቸዋል እንጂ መልካቸው እየተቀረጸ እንደሆነ አይገምቱም። በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ የሚሸጡ ስልኮች ፎቶግራፍ ሲያነሡ ድምፅ እንዲያሰሙ የተደረገው ካሜራው መሥራቱን ማንም ሰው፣ ፊቱን ያዞረ ጭምር፣ እንዲያውቅ ነው። የመነጽሩ መብራት የዚህን ያህል እንኳ አያገለግልም።

ከዚህ የከፋው ምስልን ከስም ጋር የሚያገናኘው ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ይህንኑ ገበያ ላይ ያለ መነጽር ፊትን ከሚፈልግ የኢንተርኔት አገልግሎት ጋር በማገናኘት፣ በመንገድ ላይ ያገኟቸውን የማያውቋቸውን ሰዎች ስምና አድራሻ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ተማሪዎቹ የሠሩትን ፕሮግራም ለሕዝብ አልለቀቁም፤ ዓላማቸውም ማስጠንቀቅ ነበር። ሆኖም የተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ማንም ሊገዛቸው የሚችሉ መሆናቸው ማስጠንቀቂያውን ያከብደዋል።

ወረፋው ራሱ ምርመራ ነው

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። መነጽሩ ግን በኢትዮጵያ ገበያ መበተኑን አይጠብቅም፤ ከውጭ የሚመጣ አንድ መንገደኛ ዓይኑ ላይ አድርጎት ሊገባ ይችላል። የአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሆነው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ የሬዲዮ ጣቢያ እንደመጣ ይነገራል። ቃል በነፋስ ሲሄድ ያየው ትውልድ አዲሱን ነገር በራሱ ቋንቋ ሰየመው። ምስልም ዛሬ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ለዚህኛው ግን ቋንቋውም ደንቡም ገና አልተዘጋጀም።

ክፍለ ከተማው ከሳር ቤትና ከጎፋ ነባር መንደሮች አንሥቶ እስከ መካኒሳ፣ ለቡ፣ ሃና ማርያምና የጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ድረስ የተዘረጋ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ከተለያየ ሰፈር ተሰባስበው የመጡ ቢሆኑም በእድር፣ በማኅበር፣ በልጆች ትምህርት ቤትና በታክሲ ሰልፍ ይተዋወቃሉ። በዚህ ዓይነት አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ገላውን ሳያሳይ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ሕመሙን ይናገርበታል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል ፊት ለፊት፣ በሳንባ ነቀርሳ ክትትል ክፍል ደጃፍ፣ በቤተሰብ ምጣኔ ወይም በአእምሮ ሕክምና ክፍል አጠገብ መታየት ለሚያውቅ ሰው ካርድ እንደማንበብ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገሪቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሰፈራቸው ያለውን ጤና ጣቢያ ትተው ወደማይታወቁበት ሩቅ ተቋም የሚሄዱ ታካሚዎች እንዳሉ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። የሚሸሹት ሐኪሙን አይደለም፤ ወረፋውን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚም በሕክምናው የመጀመሪያ ሁለት ወራት በአብዛኛው በየቀኑ እየተመላለሰ በባለሙያ ፊት መድኃኒቱን ሲውጥ፣ በየቀኑ ለመታየት እየተዳረገ ነው። በአዲስ አበባ የአንዳንድ ተቋማት ስም ብቻውን የሕመም ስም እስከ መሆን ደርሷል። «አማኑኤል» ሲባል የአእምሮ ሕመም፣ በ1958 ዓ.ም. በተመሠረተው በአለርት ምክንያት «ዘነበወርቅ» ሲባል የሥጋ ደዌ በሕዝብ አእምሮ ይታሰብ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በእነዚህ ተቋማት ደጃፍ የተነሣ አንድ ምስል ስለ ሰውየው ዘመድ አዝማድ ያልሰማውን ይናገራል።

ታዲያ በዚህ ወረፋ መካከል ካሜራ ያለው መነጽር ያደረገ ሰው ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ክፋት ላያስብ ይችላል። የጤና ጣቢያውን መጨናነቅ ለዘመዱ ለማሳየት፣ ወይም ውሎውን ለተከታዮቹ ለማካፈል ብሎ ይቀርጽ ይሆናል። በቀረጻው ዳር በኩል ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ወጣት ለሁለት ሰከንድ ትታያለች። ለቀራጩ ማንነቷ ምንም አይደለም፤ ለአሠሪዋ፣ ለእጮኛዋ ወይም ለአከራይዋ ግን ብዙ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ ወሬው ዞሮ እርሷ ዘንድ ሲደርስ ሌላው ሁሉ አይቶ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጉዳት በሕክምና ቋንቋም ሊገለጽ የሚችል ነው፦ ቀጠሮ ማቋረጥ፣ መድኃኒት ማቆም፣ መድኃኒትን የተላመደ ተሕዋስ፣ ለሌላ ሰው መተላለፍ። የገመና መገለጥ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የሕክምና ውጤት ጉዳይም ነው።

መታየት ብቻውን ጉዳት ነውን?

ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው መከራከሪያ «አደባባይ የወጣ ሰው መታየቱን ፈቅዷል» የሚል ነው። ዓይን ያየውን መነጽር ቢያይ ምን ልዩነት አለው? ይላሉ ተከራካሪዎቹ። ይህ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል፤ በአላፊ አግዳሚ ዓይን መታየትንና ተመዝግቦ መያዝን። በጎፋ ገበያ ውስጥ አንድ ሺህ ሰው ቢያይህ ሺዎቹ ይረሱሃል። አንድ ካሜራ ካየህ ግን የሚረሳህ የለም። ሰው አደባባይ ሲወጣ የሚፈቅደው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን ስለ መፍቀዱ የጠየቀው የለም።

ከዚህም በላይ፣ ማየት ብቻውን ያለ አንዳች ወሬ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ፍርድ ቤት ከተቀበለው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጉዳዩም የሕክምና ጉዳይ ነበር። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ዴ ሜይ የተባለ ሐኪም በአንድ ጨለማና ዝናባማ ሌሊት ሮበርትስ የተባለችን ሴት ለማዋለድ ሲሄድ፣ ፋኖስና ዕቃ የሚያግዘው አንድ ወጣት ይዞ ገባ። ወጣቱ ሐኪም አልነበረም፤ ሴቲቱ ግን የሐኪሙ የሙያ ረዳት መስሏት ዝም አለች። እውነቱን ኋላ ስታውቅ ከሰሰች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1881 ለሴቲቱ ፈረደላት። ወጣቱ ያየውን ለማንም አውርቷል የሚል ክስ አልነበረም። ጥፋቱ መታየት የማይገባው ሰዓት ላይ፣ ፈቃዷ በእውነተኛ ዕውቀት ላይ ሳይመሠረት፣ እዚያ መገኘቱ ነበር።

በዚህ ፍርድ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ ፈቃድ ማለት ማን እንደሚያይ አውቆ መፍቀድ ነው። ሁለተኛው፣ እንግዳውን ያስገባው ሐኪሙ ስለሆነ ኃላፊነቱም የሐኪሙ ነው። ካሜራ ያለው መነጽር ያደረገ ጎብኚ፣ ተለማማጅ ወይም ባልደረባ በታካሚ አልጋ አጠገብ ሲቆም፣ በሮበርትስ ቤት የገባው ወጣት ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ልዩነቱ የአሁኑ ብዙ ሺህ ሰዎችን አስከትሎ መምጣት የሚችል መሆኑ ነው።

የሕጉ ክፍተት

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም፤ እንዲያውም ለዘመኑ ቀዳሚ ነበር ማለት ይቻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ ማሳየትን፣ ማባዛትን ወይም መሸጥን ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበርና የመጠበቅ መብት አረጋግጧል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን የሚያወጡ ሐኪሞችን፣ ነርሶችን፣ አዋላጆችን፣ የመድኃኒት ባለሙያዎችንና ሌሎችን ይቀጣል። በቅርቡ የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦ የቁጥጥሩን ሥራ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል።

እነዚህን ድንጋጌዎች በጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ አስቀምጦ ለሚመረምራቸው ግን ሦስት ክፍተቶች ይታያሉ። አንደኛ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚከለክለው ምስሉን ማሳየትና ማባዛት እንጂ መቅረጹን አይደለም። ሕጉ በተጻፈበት ዘመን ፎቶግራፍ ለማንሣት ካሜራውን ደቅኖ መቆም ግድ ስለነበረ፣ ተነሺው ያያልና ፊቱን ማዞር ይችል ነበር። በማንሣትና በማሳየት መካከልም ፊልም የማሳጠብ ቀናት ነበሩ። ዛሬ በቀጥታ ስርጭት ማንሣትና ማሳየት አንድ ሆነዋል፤ ተጎጂው ምስሉ እንዳይታይ ለመጠየቅ ሲነሣ ታይቶ አልቋል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ለምስልም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ የዚሁ ሕግ ቁጥር 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር በሕዝብ ፊት የተፈጸሙ ነገሮችን ይጨምራል። የጤና ጣቢያ ግቢ የሕዝብ ቦታ ነውን? በሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በዚያ የተገኘው ሰው በምርጫው አልመጣም፤ ሕመም አምጥቶት ነው። ለበዓል አደባባይ ከወጣ ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባም። ሕጉ ይህን ልዩነት በግልጽ አላስቀመጠም።

ሦስተኛ፣ የወንጀል ሕጉ የሙያ ምስጢር ድንጋጌ የሚመለከተው ባለሙያውንና ረዳቶቹን ነው፤ ጠያቂውን፣ አስታማሚውንና ጎብኚውን አይደለም። አዲሱ የዳታ ጥበቃ አዋጅም በዋናነት የሚናገረው ዳታ ስለሚሰበስቡና ስለሚያቀናብሩ አካላት ነው። በወረፋ መካከል ለተቀመጠ አንድ ግለሰብ የአዋጁ ክንድ እንዴት እንደሚደርስ በተግባር መፈተን ይኖርበታል። በአጭሩ ሕጉ ምስጢርን ሲጠብቅ ገመናን ለይሉኝታ ትቶታል።

ሙያው ራሱን ይመርምር

ይህን ሁሉ በጎብኚውና በአምራቹ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። መነጽሩ ከመምጣቱ በፊት በጤና ባለሙያው ኪስ ውስጥ ስልክ ነበረ። ለምክክር ተብሎ የቁስል፣ የራጅ ወይም የፊት እብጠት ፎቶግራፍ በቴሌግራም መላላክ የተለመደ ሆኗል። ብዙውን ጊዜ ዓላማው ቅን ነው፤ ልዩ ሐኪም በሌለበት ቦታ የሚሠራ ባለሙያ የባልደረባውን ምክር ሲያገኝ ሕይወት ይድናል። ሆኖም ምስሉ ከተላከ በኋላ የት እንደሚደርስ፣ በማን ስልክ ላይ እንደሚቀር፣ ታካሚውስ ምን እንደፈቀደ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «አንድ ፎቶ ላንሣ» ተብሎ የተጠየቀ ታካሚ እንቢ ቢል ሕክምናው የሚጓደልበት ስለሚመስለው እሺ ይላል። ይህ ፈቃድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ከላይ የተጠቀሰው ቁጥር 28 ለሙያው ፈተና ሆኖ ይመጣል። ሕጉ ፈቃድ ከማያስፈልግባቸው ምክንያቶች መካከል ሳይንሳዊና ትምህርታዊ ጥቅምን አስገብቷል። አንድ ባለሙያ የታካሚውን ምስል «ለትምህርት ነው» ብሎ ቢያወጣ በሕጉ ፊደል ሊከራከር ይችላል ማለት ነው። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ግን በሙያው ዘንድ የተፈቀደ አይደለም። መማሪያው ቁስሉ እንጂ የባለ ቁስሉ ፊት አይደለም፤ ያለ ፊቱ ማስተማር በሚቻልበት ቦታ ሁሉ ፊቱን ማሳየት ትምህርት ሊባል አይገባውም።

መነጽሩ ለሕክምና ጥቅም የለውም ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሜይን ግዛት የሚሠሩ ራፋኤል ግሮስማን የተባሉ ቀዶ ሐኪም ጉግል ግላስ አድርገው አንድ ሕክምና በመፈጸም ከሩቅ የሚከታተሉ ሰዎች እንዲያዩት አድርገዋል፤ ይህንም ሲያደርጉ የታካሚው ማንነት እንዳይታወቅ ተጠንቅቀዋል። እጁ በሥራ የተያዘ ባለሙያ ዓይኑ ያየውን ለአማካሪው ማሳየት ቢችል፣ አማካሪ ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት አገር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥያቄው መሣሪያው ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ሳይሆን በማን ትእዛዝ፣ በማን ዕውቀትና ለማን ጥቅም የሚለው ነው።

ሁለት ብርቱ መከራከሪያዎች

ጥበቃ ይደረግ ሲባል የሚነሡ ሁለት መከራከሪያዎች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። አንደኛው፣ ሐኪሞች ካሜራን የሚጠሉት ጥፋታቸው እንዳይታይ ነው የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። ታካሚ ሲንገላታ፣ ሲዘለፍ ወይም ያለ አግባብ ገንዘብ ሲጠየቅ በስልክ የተቀረጸ ማስረጃ ብቸኛ መከላከያው ሊሆን ይችላል። ይሁንና ታካሚ የራሱን ጉዳይ መቅረጹና ሌላ ሰው የታካሚውን ገመና መቅረጹ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የመብት ባለቤት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባለሙያውን ለመክሰስ ብሎ ከበስተኋላ የተኛውን ሌላ በሽተኛ ሊያጋልጥ ይችላል። ደንብ ሲወጣ የታካሚውን አቤቱታ የሚያፍን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚዘነጋ ተቋም ገመናን ሳይሆን የራሱን ጉድ እየሸፈነ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከአገሪቱ ታሪክ ይነሣል። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራው ዘገባ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸውና ማይክል በርክ ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አነቃንቀዋል። በዚያ መስክ ላይ የተቀረጹት ሰዎች ፈቃድ ተጠየቀ ቢባል ማን ያምናል? ያም ሆኖ ምስሉ እርዳታ አምጥቷል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚያ ካሜራዎች በትከሻ ላይ የተሸከሟቸው፣ ከሩቅ የሚታዩ፣ ባለቤታቸውም የታወቀ ነበሩ። ዓላማቸውም የአንድን ሰው ሕመም ሳይሆን የተሸሸገን የሕዝብ መከራ መግለጥ ነበር። እንዲያም ሆኖ የዚያ ዘመን ምስሎች የአንድን አገር ሕዝብ ለዓመታት በአንድ ገጽታ ብቻ እንዲታወቅ ማድረጋቸው ሲያከራክር ኖሯል። ለታላቅ ዓላማ የተነሣ ምስል ይህን ያህል ዕዳ ካስከተለ፣ ለመዝናኛ የተነሣው ምን ያህል እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም።

ምን ይደረግ?

ከሕግ ማሻሻያ በፊት እያንዳንዱ ጤና ተቋም በራሱ ሥልጣን ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። በመጀመሪያ፣ በበሩ ላይ ያለው ፍተሻ ዛሬ ቦርሳ ይከፍታል፣ ኪስ ይዳስሳል፤ መነጽርን ግን አያይም። ጥበቃዎች ካሜራ ያለውን መነጽር በፍሬሙ ጥግና ጥግ ካሉት ሁለት ክብ ነገሮች፣ ማለትም ከካሜራውና ከመብራቷ፣ እንዲለዩት ማሠልጠን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መነጽሩ የተገኘበት ሰው በግቢው ውስጥ እንዲያጠፋው ወይም በሌላ እንዲለውጠው በትሕትና መጠየቅ ይገባል። ያለ እርሱ የማያይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሕክምና ክፍሎች ሲገባ ለባለሙያው እንዲያሳውቅ ማድረግ ይቻላል።

በሁለተኛ ደረጃ ዓይነ ስውራንን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዴንማርክ የተጀመረው «ቢ ማይ አይስ» የተባለ አገልግሎት በካሜራ አማካይነት በፈቃደኞች ዓይን ዓይነ ስውራንን የሚረዳ ሲሆን፣ አሁን በእነዚህ መነጽሮች ላይም ይሠራል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው መነጽሩ እንደ በትሩ ነው። በሩ ላይ መንጠቅ ግፍ ይሆናል፤ ይልቁንም በግቢው ውስጥ የሚመራው የተቋሙ ሠራተኛ መመደብ ተገቢ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ችግሩን ያባባሰው የወረፋው አቀማመጥ መሆኑን መቀበል ይገባል። የክፍሉን ስም በትልቁ ከበሩ ላይ ከመጻፍ ይልቅ በቁጥር መለየት፣ ታካሚን በስምና በበሽታ ሳይሆን በወረፋ ቁጥር መጥራት፣ የተለያዩ ክትትሎችን አንድ የጋራ መጠበቂያ እንዲኖራቸው ማድረግ፣ በአልጋዎች መካከል መጋረጃ መዘርጋት ይቻላል። እነዚህ ካሜራ ባይኖርም ሊደረጉ የሚገባቸው ነበሩ፤ ቦታው የማይናገር ከሆነ የተነሣው ምስልም የሚናገረው ነገር የለውም።

በአራተኛ ደረጃ፣ ባለሙያው በምርመራ፣ በማዋለጃና በቀዶ ሕክምና ክፍል የግል ካሜራ ያለው መነጽር እንዳያደርግ በሥራ ደንብ መወሰን ይኖርበታል። ለትምህርት ወይም ለምክክር የሚያስፈልግ ከሆነ መሣሪያው የተቋሙ፣ ምስሉ የሚቀመጥበትም ቦታ የተቋሙ ይሁን። ፈቃዱ በታካሚው ቋንቋ ተብራርቶ በጽሑፍ ይሰጥ፤ እንቢታው በሕክምናው ላይ አንዳች ለውጥ እንደማያመጣ ይነገረው፤ በማንኛውም ጊዜም መሻር ይቻል።

በመጨረሻም ሕግ አውጪው፣ የጤና ሚኒስቴርና የሙያ ማኅበራት በጤና ተቋም ግቢ ውስጥ ሰውን ያለ ፈቃዱ መቅረጽ፣ ምስሉ ታየም አልታየም፣ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ እንዲደነገግ መምከር ይገባቸዋል። የዳታ ጥበቃ አዋጁ ማስፈጸሚያዎች ሲዘጋጁም የጤና ባለሙያው ድምፅ ሊሰማ ይገባል፤ በወረፋ ውስጥ ምን እንደሚታይ ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቃልና።

በአማርኛ ደግ ሰው ከሚመሰገንባቸው ቃላት አንዱ «ገመና ከታች» የሚለው ነው። ምስጋናው ያየውን እንዳላየ ለሚሆን፣ ሌላውም እንዳያይ ለሚጋርድ ሰው የሚሰጥ ነው። የጤና ባለሙያ ይህን ስም ያገኘው አፉን በመዝጋት ብቻ አይደለም፤ መጋረጃውን በመዝጋትም ጭምር ነው። አሁን የሚዘጋው መጋረጃ ከአልጋው ዙሪያ አልፎ እስከ ግቢው በር ድረስ ሊዘረጋ ይገባዋል። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ የምትመጣው ታካሚ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ መምጣቷና መቅረቷ በዚህ ይወሰናል።